ኪምባፕን የሚያበላሸው ውሃ ነው

የኮሪያው ኪምባፕ ስሙ ራሱ አሠራሩን ይናገራል። «ጊም» እንደ ወረቀት ተነጥፎ የደረቀ የባሕር አረም ነው፤ «ባፕ» ደግሞ የበሰለ ሩዝ። ሩዙ ጊሙ ላይ ይዘረጋል፣ በመሐሉ እንቁላል፣ ካሮት፣ ስፒናች፣ ሥጋና ቢጫ ራዲሽ ይደረደራል፣ ይጠቀለልና ይቆረጣል። ቤት ውስጥ ሞክረው ያልሆነላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን በእጃቸው ያሳብባሉ፤ «መጠቅለሉን አልቻልኩበትም» ይላሉ። መጠቅለሉ ግን አራት አምስት ጊዜ ከተሞከረ ማንም የሚለምደው ነገር ነው። ኪምባፕ የሚቀደደው፣ የሚፈታውና ቢላ ሲነካው የሚፈርሰው ገና ምድጃው ላይ ሳለ ነው። ውሃ የበዛበት ሩዝ፣ በደንብ ያልተጨመቀ ስፒናች፣ መረቁ ያልመጠጠ ሥጋ መጠቅለያው የቀርከሃ ምንጣፍ ላይ ሲደርሱ የጥሩ እጅ ችሎታ አያድናቸውም። ስለዚህ እዚህ ስለ እያንዳንዱ ነገር ስጽፍ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ አንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃው የት ወጣ?

መጠኑ ለ5 ጥቅል የተሰላ ነው። ለሦስት ሰው ምሳ ይበቃል።

ስለ ጊም

ጊም የሚለማው ባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ነው። በደቡብ ኮሪያ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከደቡብ ጆላ ጠቅላይ ግዛት ዳርቻ ሲሆን ዋንዶ፣ ጂንዶ፣ ሺናንና ጎሁንግ ስማቸው ከጊም ጋር አብሮ የሚነሳ ቦታዎች ናቸው። አረሙ ውሃው በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ያድጋል፣ ይታጨዳል፣ ይከተፋል፣ ይታጠባል፤ ከዚያም ልክ ወረቀት እንደሚሠራው በስሱ ተነጥፎ ይደርቃል። አንዱ ቅጠል 19 በ21 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኮሪያውያን መቶውን ቅጠል አንድ «ቶት» ብለው ይቆጥሩታል።

ሲገዛ የሚፈለገው «ኪምባፕ ጊም» የሚለው ነው። ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ዘይትም ጨውም የለበትም፣ አብዛኛውን ጊዜም ተጠብሶ የታሸገ ነው። በትናንሹ ተቆርጦ፣ ዘይት ተቀብቶና ጨው ተነስንሶበት የሚሸጠው ጊም ከሩዝ ጋር እንደ ማባያ የሚበላ ስለሆነ ለጥቅል አይሆንም፤ ስስ ነው፣ የሩዙ እርጥበት ሲነካው ወዲያው ይሟሟል። ለጃፓኑ የሩዝ ጥቅል፣ ለሱሺ፣ የሚሸጠው ኖሪ የተባለ የባሕር አረም ቅጠል ግን ያለ ችግር ይሠራል። ጥራቱን ለማወቅ አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሡት። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ እዚያው ቀዳዳ ላይ መቀደዱ አይቀርም።

ያልተጠበሰ ጊም ወደ ሐምራዊ የሚወስደው ጥቁር ቀለም አለው። ደረቅ መጥበሻ ላይ በመካከለኛ እሳት እያንዳንዱን ገጽ 5 ወይም 6 ሰከንድ አድርጉት። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር በሙቀት ይበተንና አረንጓዴውን የሚሰጠው ክሎሮፊል ብቻ ስለሚቀር ጊሙ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይለወጣል፤ መጥበሱ እንደበቃው የሚታወቀው በዚህ ነው። የተጠበሰ ተብሎ የተገዛም ቢሆን ፓኮው ከተከፈተ ከቆየ እንዲሁ ማሞቅ ይጠቅመዋል፣ ከአየሩ የጠጣውን እርጥበት ይተፋል። የተረፈውን ጊም አየር በማያስገባ ከረጢት ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ስታወጡት ግን ከረጢቱን ወዲያው አትክፈቱ። ቀዝቃዛ ቅጠል ሞቃት አየር ሲነካው ላቡ ይወጣበታልና መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ።

ሩዙ

ኪምባፕ ሲባል ሰው ዓይኑ የሚያርፈው መሐሉ ላይ ባሉት ቀለማት ነው። ጣዕሙ ግን ሦስት እጁ ከሩዙ ነው፤ ጨው ያልገባው ሩዝ ላይ የፈለገው ሥጋ ቢደረደር ጥቅሉ አይጣፍጥም።

የሚያስፈልገው አጭርና ድቡልቡል ፍሬ ያለው ሩዝ ነው። ረዥም ፍሬ ያለው፣ ባስማቲን የመሰለው ሩዝ ሲበስል ፍሬ ከፍሬ እንዲለያይ ሆኖ የተፈጠረ ነው፤ አሚሎስ የተባለው የስታርች ዓይነት ይበዛበታል። ለሌላ ምግብ ውበቱ የሆነው ይኸው ጠባይ እዚህ ጥቅሉን ይበትነዋል። ውሃ ጨምሮ በማላቆጥ አጣብቀዋለሁ ብሎ ማሰብም አያዋጣም፤ ውጤቱ ገንፎ ነው።

360 ግራም ሩዝ ሦስት አራት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ። የመጀመሪያውን ውሃ ቶሎ ድፉት፤ ደረቅ ሩዝ ያገኘውን የመጀመሪያ ውሃ በጣም ስለሚጠጣ ዱቄታማ ሽታው ተመልሶ ውስጡ ይገባል። ውሃው ጥርት ወደ ማለት ሲቃረብ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ከዚያ ወንፊት ላይ ገልብጣችሁ 10 ደቂቃ አጥሉት። ይህች የማጥለል ጊዜ ብዙ ሰው የሚዘላት ናት። ከሩዙ ጋር ድስት ውስጥ የሚገባው ያልተለካ ውሃ ግን ከዚህ ነው የሚመጣው።

ለጠለለው ሩዝ 380 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ። ለዕለት ምግብ ከሚሆነው በትንሹ ያነሰ ነው፣ ሩዙም ጠንከር ብሎ ይወጣል። ኮሪያ ውስጥ ብዙ ቤቶች 5 በ5 ሴንቲሜትር የምታህል የደረቀች ዳሺማ፣ ማለትም ወፍራም የባሕር አረም፣ አብረው ይጨምራሉ፤ ጣዕም ትሰጣለች፣ ባትኖርም ችግር የለም። በኤሌክትሪክ ማብሰያ ከሆነ በተለመደው መንገድ ይበስላል። በድስት ከሆነ ወፍራም ታች ያለው ድስት ምረጡ። ክዳኑን ገጥማችሁ በከፍተኛ እሳት እስኪፈላ፣ ከዚያ በትንሹ እሳት 12 ደቂቃ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ክዳኑ ሳይነሳ 10 ደቂቃ። የመጨረሻዋ 10 ደቂቃ ታች የቀረው እንፋሎት ለሁሉም ፍሬ እኩል የሚዳረስባት ናት። ክዳኑ ቀድሞ ከተነሳ ላዩ ደረቅ፣ ታቹ ጭቃ ይሆናል።

የበሰለው 800 ግራም ያህል ይሆናል። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጡት። መጀመሪያ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ጨው በትኑበትና ገና ትኩስ ሳለ አገላብጡት። የሰሊጥ ዘይቱ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከጨው በኋላ ነው የሚገባው። ጨው በዘይት ስለማይሟሟ ዘይት ቀድሞ ፍሬውን ከለበሰው ጨዉ አንዱ ጋ ተከማችቶ ይቀራል። በመጨረሻ 1 የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ። ማንኪያውን ወደ ጎን እያጋደላችሁ እንደ መቁረጥ አድርጋችሁ አገላብጡ። ማሸት ፍሬውን ይሰብራል፣ የተሰበረ ፍሬ ደግሞ ይዝለገለጋል። ዘይቱንም አታብዙ። መዓዛው ደስ ይላል ተብሎ ሦስት ማንኪያ ከተጨመረ ፍሬዎቹ እርስ በርስ መያያዝ ይተዋሉ፣ ጥቅሉም ሲቆረጥ ይተረተራል።

ከጃፓኑ ጥቅል ጋር የሚለያዩት ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ለሱሺ ሩዙ በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው ይቀመማል፤ ኪምባፕ በሰሊጥ ዘይትና በጨው። ስለዚህ ኪምባፕ ሶስ ሳይነከር እንዳለ ይበላል፤ ጣዕሙ ሁሉ ውስጡ ነው።

ሩዙ ለብ እስኪል ጠብቁት። መሐሉን በእጅ ሲነኩት ሙቀቱ ከእጅ ሙቀት የማይለይ ከሆነ ደርሷል። ትኩስ ሩዝ ከተዘረጋበት እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ ጊሙ ውስጥ ይገባል፣ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ገና ሳይጠቀለል ይቀደዳል። ጭራሹን የቀዘቀዘ ሩዝ ደግሞ ስታርቹ ስለሚጠጥር አይዘረጋም፣ አይያያዝምም። ለብ ካለ በኋላ ላዩ እንዳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ክዳን አትግጠሙበት፤ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ ድካሙን ሁሉ ያበላሸዋል።

መሐሉ የሚገባው

ሩዙ ሲበርድ መሙያዎቹ ይዘጋጃሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ይበስላል፣ ለብቻው ይቀመማል፣ ለብቻው ይቀዘቅዛል። አድካሚ ይመስላል፣ ነውም። ግን ሁሉንም በአንድ መጥበሻ ማመስ የኪምባፕን ነገር ያጠፋዋል፤ አንድ ቁራጭ ሲጎረስ ካሮቱም፣ ስፒናቹም፣ እንቁላሉም በየተራ መታወቅ አለባቸው።

ስፒናቹ ትልቁ የውሃ ምንጭ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። 250 ግራም ስፒናች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው በገባበት በብዙ የፈላ ውሃ ውስጥ 30 ሰከንድ ብቻ ነከር ይደረጋል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይበርዳል፤ ካልበረደ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥልና ይጠቁራል። ከዚያ ይጨመቃል። አንዴ ጨምቃችሁ በቃኝ አትበሉ። እፍኝ እፍኝ አድርጋችሁ፣ ጠብታ መውጣት እስኪያቆም ሁለት ሦስት ጊዜ ጭመቁት። ከዚያ በጣት ፈታ አድርጋችሁ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ለውሱበት። ጨው ከገባበት በኋላ ሲቀመጥ እንደገና ውሃ ያወጣል። ስለዚህ ሊጠቀለል ሲል ከሳህኑ ሥር የተጠራቀመውን አፍስሱት።

ካሮት 200 ግራም፣ በረዥሙ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ይከተፋል። በ1 የሻይ ማንኪያ ዘይት በመካከለኛ እሳት 3 ደቂቃ ይታመሳል። ጨዉ (ሩብ የሻይ ማንኪያ) የሚገባው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጨው ከካሮቱ ውሃ ያወጣል፣ ያ ውሃ መጥበሻው ላይ ቢተን ይሻላል። በመጨረሻ የተጨመረ ጨው ሥራውን የሚሠራው ጥቅሉ ውስጥ ነው። ካሮቱ ሲያጥፉት የማይሰበር፣ ሲያኝኩት ግን የሚሰማ መሆን አለበት። በሰፊ ሳህን ላይ ዘርጉት። ተከምሮ ከቀረ በእንፋሎቱ ይላላል።

ስፒናች የማይወድ ሰው በኪያር ይተካዋል። ያኔ ኪያሩ በረዥሙ ለአራት ተሰንጥቆ ፍሬ ያለበት ለስላሳው መሐሉ በማንኪያ ተፍቆ ይወጣል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተነስንሶበት 15 ደቂቃ ይቆይና በሶፍት ይደርቃል።

እንቁላል 4፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። አረፋ እስኪያወጣ አትምቱት፤ አስኳሉና ነጩ ከተዋሃዱ ይበቃል፣ አረፋው ሲጠበስ ቀዳዳ ይሆናል። የማያጣብቅ መጥበሻ በዘይት በተነከረ ሶፍት ተጠርጎ በዝቅተኛ እሳት ይሞቃል። ወፍራም አድርጎ ጠብሶ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ዘንግ መቁረጥ የተለመደው ነው። ሌላው መንገድ እንደ ወረቀት ስስ አድርጎ መጥበስና ጠቅልሎ እንደ ክር መክተፍ ነው። በግዮንግጁ ከተማ የሚታወቀው ኪምባፕ እንዲህ የተከተፈ እንቁላል የታጨቀበት ነው። ሥራ ይበዛዋል፣ ግን ሲጎረስ ያለው ልስላሴ ከዘንጉ ጋር አይወዳደርም። ጊዜ ካላችሁ ይህንኛውን ምረጡ።

ሥጋ 200 ግራም፣ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ወይም የተፈጨ። 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይትና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ለውሳችሁ 15 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ በከፍተኛ እሳት ጥበሱት። መጀመሪያ መረቅ ይወጣዋል፤ ያን ጊዜ አታውጡት። መረቁ መጦ፣ ሥጋው መጥበሻው ላይ መንጫጫት ሲጀምርና ሶሱ ሲለጠፍበት ያኔ ደርሷል። መጥበሻውን ስታዘነብሉት የሚፈስ ነገር መኖር የለበትም። በሥጋ ፈንታ ካም፣ የዓሣ ኬክ ወይም የክራብ ስቲክ መግባቱም በኮሪያ ተራ ነገር ነው። ካሙም ቢሆን በደረቅ መጥበሻ ለአንድ ደቂቃ ይጠበስ።

ቢጫው ራዲሽ፣ ዳንሙጂ የሚሉት፣ ሊቀር የማይገባው ነው። ሌላው ሁሉ ዘይት ያለበት ለስላሳ ነገር ነው። ጎምዘዝ፣ ጣፈጥ፣ ቀጨም ብሎ አፍን የሚያጥበው እሱ ብቻ ነው። ለኪምባፕ ተቆርጦ የታሸገ ይገኛል። ካልተገኘ በቤት ይሠራል፦ 300 ግራም ረዥም ነጭ ራዲሽ ተልጦ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ዘንግ ይቆረጥ። 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ 100 ግራም ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ አንድ ላይ ይፍሉና ትኩሱን ይፈስስበት። ሲበርድ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ያድራል። የተገዛውም ሆነ የተሠራው ከመግባቱ በፊት ከ10 ደቂቃ በላይ ወንፊት ላይ ይጠልላል፣ በሶፍትም ይደርቃል። ጥቅሉ መሐል ለመሐል ቢጫ ውሃ ሲያፈስስ ካያችሁ፣ ይህችን ሥራ ዘላችኋታል ማለት ነው።

«ኡኦንግ» (በርዶክ) የተባለው ተክል ቡናማ ሥርም በሶይ ሶስና በሽሮፕ ተቀቅሎ ይገባል፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ካገኛችሁ ግዙ፣ ለአምስት ጥቅል ብሎ ከመጀመሪያው መሥራት አያዋጣም።

መጠቅለሉ

የቀርከሃ ምንጣፉ፣ «ጊምባል» የሚሉት፣ ደረቅ ይሁን። ጊሙ ሁለት ገጽ አለው፤ የሚያንጸባርቀው ለስላሳ ገጽ ወደ ታች፣ ሻካራው ወደ ላይ። ሩዝ የሚይዘው ሻካራው ነው፣ ውጭ የሚታየው ደግሞ አንጸባራቂው። ረዥሙ ጎን ከእናንተ ወደ ፊት የሚሄድ ይሁን።

ለአንዱ ጥቅል 150 ግራም ሩዝ። እባካችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በሚዛን ለኩ፣ ከዚያ በኋላ እጅ ራሱ ያውቀዋል። ያለ ሚዛን የሚሠራ ጀማሪ ሁልጊዜ የሚያበዛው ሩዝ ነው። በብዛት የተዘረጋ ሩዝ መሙያውን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ጊሙም ዙሪያውን አይደርስበትም። ሩዙን አንድ እብጠት አድርጋችሁ መሐል ላይ አትጣሉት፤ ከዚያ እየጎተቱ ማስፋት ነው ጊም የሚቀደው። አራት አምስት ቦታ ቁንጥር ቁንጥር አድርጋችሁ አስቀምጡና በጣት ጫፍ እየተጫናችሁ አገናኟቸው። ግራና ቀኝ እስከ ጠርዙ ይድረስ፣ ከእናንተ ራቅ ባለው ጠርዝ ግን 4 ሴንቲሜትር ባዶ ይቅር። ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲሜትር አይለፍ፤ እዚህም እዚያም ጊሙ ብልጭ ቢል አያስፈራም። እጃችሁ እንዳይጣበቅ ውሃ ያስፈልጋል። ነክራችሁ ግን አራግፉት፣ ወይም ለመዳፋችሁ ትንሽ የሰሊጥ ዘይት ቀቡት።

እዚህ ላይ አንዲት ብልሃት አለች። ሌላ ጊም ለሁለት ቁረጡና ግማሹን ሩዙ ላይ፣ መሙያው በሚያርፍበት ቦታ አንጥፉት። የእርጥብ መሙያ ውሃ ወደ ሩዙና ወደ ውጩ ጊም እንዳይደርስ ይይዘዋል፣ ሲጠቀለልም መሙያውን በአንድነት ያቅፈዋል። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ የሚረዳ ነገር አላውቅም።

መሙያው የሚደረደረው ወደ እናንተ ካለው ጠርዝ 4 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ ነው። ቀጥ ያሉትን፣ እንቁላሉን፣ ራዲሹንና ካሙን፣ አስቀድማችሁ እንደ ግድግዳ አቁሙ። የሚበታተኑትን ካሮት፣ ስፒናችና ሥጋ በመሐላቸው አጉሩ። ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን፤ ጫፉ ላይ ባዶ የሆነ ጥቅል ጫፉ ላይ ይኮማተራል።

አሁን ምንጣፉን ከሥር በአውራ ጣት አንሡ፣ በቀሩት ጣቶች መሙያውን ወደ ውስጥ ያዙ፣ የጊሙን ጠርዝ ደግሞ መሙያውን አሻግራችሁ ሩዙ ላይ አሳርፉት። የሚያርፈው ሩዝ ላይ ነው። መሙያው ላይ ካረፈ ክቡ አይዘጋም። እዚህ ቆሙና ምንጣፉን እየሳባችሁ ከዳር እስከ ዳር ጠበቅ አድርጉ። የጥቅሉ ጥብቀት የሚወሰነው በዚህች የመጀመሪያ ዙር ነው፤ እሷ ከላላች በኋላ የቱንም ያህል ብትጨምቁት መሐሉ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ምንጣፉ አብሮ እንዳይጠቀለል ጫፉን እያነሣችሁ ወደ ፊት ግፉት። ባዶው 4 ሴንቲሜትር ላይ ስትደርሱ ጥቂት የሩዝ ፍሬ ጨፍልቃችሁ እንደ ሙጫ ቀቡበት፣ ወይም በጣት ጫፍ ውሃ አስነኩት። ዝጉና አንድ ጊዜ ዙሪያውን ጨምቁ።

መጋጠሚያው ወደ ታች ሆኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይረፍ። ውሃን እስካሁን ስናባርረው ቆየን፤ እዚህ ግን ትንሿ የሩዙ እርጥበት ጊሙን አለስልሳ መጋጠሚያውን ታጣብቃለች። ወዲያው የተቆረጠ ጥቅል ጊሙ ገና ደረቅ ስለሆነ በቢላው ይሰነጠቃል።

ኮሪያውያን የማይረባ ወሬ ሲሰሙ «የኪምባፕ ጎን ሲፈነዳ የሚሰማ ድምፅ» ይላሉ። የሚፈነዳው አንድም ከሩዝ ብዛት ነው፣ አንድም ከጎኑ ከሚፈስ ውሃ፣ አንድም ቀጫጭን ካሮት በጠንካራ ጫፉ ጊሙን ሲወጋው። የፈነዳውን አትጣሉት። ሌላ ጊም አንጥፋችሁ ጥቅሉን ከነፍንዳታው አንዴ ደግማችሁ ጠቅልሉት፤ ሲቆረጥ ድርብ ጥቁር ቀለበት ከመሆኑ በቀር ጉድለት የለውም።

መቁረጡ

ከመቆረጡ በፊት ጥቅሉ ላይ የሰሊጥ ዘይት በስሱ ይቀባል፣ ሰሊጥ ይነሰነሳል። ዘይቱ ጊሙን እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል፣ ለቢላውም መንገድ ይከፍትለታል። ቢላው ስስና ስለት ያለው ይሁን። ወደ ታች አትጫኑት፤ እንደ መጋዝ ረዘም አድርጋችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቡት። በየሁለት ሦስት ቁራጩ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቢላው ላይ የተለጠፈው ስታርች ነው ቀጣዩን ቁራጭ የሚጎትተው። አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ውፍረት ካላችሁ ከአንድ ጥቅል 12 ያህል ይወጣል። መሙያው ወጣ ወጣ ያለበትን የዳር ቁራጭ «ኮንግዳሪ» ይሉታል፤ መሙያው ከሩዙ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሻማበት እሱ ነው።

ሌሎች ዓይነቶች

የቱና ኪምባፕ ከምንም በላይ በውሃ ይፈተናል። አንድ ጣሳ 150 ግራም የሚሆን ቱና ጠልሎ በማንኪያ ወንፊት ላይ ተጨምቆ ድርቅ ይበል፣ ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝና ቁንዶ በርበሬ ይለወስበት። ኮሪያውያን ቱናውን በቀጥታ ሩዝ ላይ አያሳርፉትም። ከሥሩ «ኬኒፕ» የተባለውን ጠንካራ መዓዛ ያለው ሰፊ ቅጠል ሁለት ያነጥፉና ይጠቀልሉታል። ቅጠሉ መዓዛ ብቻ አይሰጥም፣ የማዮኔዙን እርጥበትም ይገድባል። የሰላጣ ቅጠልም ያንኑ ይሠራል።

በደቡብ ዳርቻ ባለችው በቶንግዮንግ የሚሠራው የቹንግሙ ኪምባፕ ደግሞ መሙያ የለውም። ከተማዋ እስከ 1995 ቹንግሙ ትባል ነበር፣ ስሙም ከዚያ ነው። ያልተቀመመ ሩዝ በትንንሽ ጊም የጣት ያህል ተጠቅልሎ፣ በቅመም የተለወሰ ስኩዊድ (የባሕር እንስሳ) እና በቅመም የተብላላ ራዲሽ፣ የራዲሽ ኪምቺ የሚሉት፣ ለብቻ ይቀርባል። የሚነገረው ምክንያት ለባሕር ሠራተኞች የሚሸጠው ጥቅል በሙቀት እየተበላሸ ስላስቸገረ ሩዙና ማባያው ተለያዩ የሚል ነው። እርጥበትን መሸሽ እስከ መጨረሻው ሲሄድ እዚህ ይደርሳል።

በሴኡል የግዋንግጃንግ ገበያ የሚታወቀው ትንሹ ጥቅል ካሮት፣ ራዲሽና ስፒናች ብቻ ይዞ በሰናፍጭ ሶስ ይነከራል፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ። ጊሙ ለአራት ይቆረጣል፣ ምንጣፍም አይፈልግም፤ ልጆች ራሳቸው ሊጠቀልሉት ይችላሉ።

ማቆየትና ማደስ

ኪምባፕ የሽርሽርና የመንገድ ምግብ ነው፤ ኮሪያ ውስጥ የትምህርት ቤት ሽርሽር ያለ እሱ አይታሰብም። መንገድ ላይ ግን በጥንቃቄ ይያዝ። የበሰለ ሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይባዛና መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። እንቁላልና ሥጋ ደግሞ አብረውት አሉ። ስለዚህ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ። ለመንገድ የሚሠራ ከሆነ መሙያው ሁሉ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ይግባ፣ እንቁላሉ እስከ ውስጡ ይብሰል፣ ጥሬ እንቁላል የነካ እጅ ሳይታጠብ ሩዝ አይንካ። ጥቅሉን በፎይል ጠቅልላችሁ በበረዶ ከረጢት አጠገብ ያዙት።

ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ኪምባፕ ሩዙ እንደ ጠጠር ይደርቃል፤ ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ስለሚጠጥር ነው። ይህን የሚመልሰው ሙቀት ነው። ቁራጮቹን በተመታና ጥቂት ጨው በገባበት እንቁላል ነክራችሁ፣ ትንሽ ዘይት ባለው መጥበሻ ላይ በመካከለኛ እሳት እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ደቂቃ ጥበሱ። እንቁላሉ የላላውን ጊም ይይዘዋል፣ ሩዙም መሐሉ ድረስ ይለሰልሳል። ሁለት ጥቅል ለዚህ ብለው አስቀድመው የሚያስቀሩ ቤቶች አሉ። ፍሪዘር ውስጥ ለማቆየት ያሰባችሁት ካለ ኪያርና ሰላጣ አታስገቡበት፤ በረዶው ሲቀልጥ ሁለቱም ውሃ ይሆናሉ። በሥጋ፣ በካሮት፣ በእንቁላልና በራዲሽ ብቻ የተሠራው ተቆርጦ፣ በፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ሲፈለግ ከበረዶው ሳይፈታ ማይክሮዌቭ ውስጥ እንፋሎት እስኪያወጣ ይሙቅ፣ ከዚያ ከፈለጋችሁ በእንቁላሉ ይጠበስ።